ያሳደርኩት መርዶ

ይህን የምጽፈው አዝናችሁ እንድታጽናኑኝ አይደለም። ማዘን ለፈለገ ብርቄ አለችለት። እኔ የሠራሁትን ልናገር ነው፤ ስጨርስ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ያን ጊዜ ሱቄ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው። የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ምላሴ ግን ለሦስት ሰው ይበቃል። ደላላው ሁሉ «እትዬ ንግሥት መጣች» ሲባል ድምፁን ይቀንሳል። ደግ ሴት ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሰው ሲያይልኝ ደግሞ ይበልጥ ደግ እሆን ነበር። በሽታዬ ይኸው ነው።

ብርቄ ልብስ ሰፊዬ ነበረች። ጦርነቱ አፈናቅሏት ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ የያዘችው አንድ ፌስታልና አንድ መቀስ ብቻ ነበር። ከሱቄ በላይ ባለው ቆጥ ላይ የስፌት መኪና ሰጥቼ አስቀመጥኳት፤ እጇ ወርቅ ሆኖ አገኘሁት። የመጣችበት ከተማ ሰው በተኩስ መሀል ወዲያና ወዲህ ሲበታተን የሰባት ዓመት ልጇ ሲሳይ ከእህቷ ጋር ነበር። እሷ በአንድ በኩል ወጣች፣ እነሱ በሌላ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ የሁለቱም ድምፅ ጠፋ። እኔ «አፈላልጌ አገኝልሻለሁ» ብያት ለአራት ለአምስት ሰው ስልክ ደወልኩ፤ ከዚያ ሥራ በዛብኝና ተውኩት። እሷ ግን ተስፋዋን እኔ ላይ እንደጣለች ቀረች።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ስለ ልጇ ሸሚዝ አጫወተችኝ። ከመጋረጃ ቁራጭ ነው የሰፋችለት፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት። ልጁ ግራኝ ስለሆነ እጁ እንዲመቸው የደረት ኪሱን በቀኝ በኩል አደረገችለት።

«አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ልጁን መስኮት አደረግሽው› ብሎ ሳቀብኝ» አለች።

እኔም ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ወሬው እዚያው ላይ አለቀ።

ያሬድ የሚባል ቀጭን ልጅ ወደ ሱቄ የመጣው ከዚያ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ጦርነት በሕፃናት ላይ ያደረሰውን የሚያሳይ የፎቶ ኤግዚቢሽን ከከተማ ከተማ ይዞ ይዞራል። ሦስት ከተማ አሳይቶ ተራው የአዲስ አበባ ሆኗል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ አሮጌ አዳራሽ ተፈቅዶለታል፤ ግድግዳው ግን ቀለሙ ተልጦ ፎቶ የሚሰቀልበት አይደለም። ስለዚህ ግድግዳውን የሚያለብስበት ጥቁር ጨርቅ ይለምናል። ከእኔ በፊት የገባባቸው ነጋዴዎች «ያየነው አልበቃ ብሎ በፎቶ ልታሳየን ነው?» እያሉ መልሰውታል። እኔም ልመልሰው አፌን ስከፍት፣

«ስፖንሰር የሆነ ሰው ስሙ ባነሩ ላይ በትልቁ ይወጣል፤ የቴሌቪዥን ካሜራም ይመጣል» አለኝ።

ሁለት ጣቃ ጥቁር ጨርቅና የብርቄን እጅ ሰጠሁት። ብርቄ ሦስት ቀን ሙሉ ጠርዝ ስትሰፋ፣ ስትተኩስ ሰነበተች። የሕፃናት ጉዳይ ነው ስላልኳት የምሳ ሰዓቷን እንኳ አታርፍም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጨርቁ በደንብ መወጠሩን ልይ ብዬ ብቻዬን ወደ አዳራሹ ሄድኩ። በማግሥቱ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚከፈተው። ፎቶዎቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ደርሰው ያሬድ ይፈታቸዋል። አንደኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ የሕፃን ልጅ ቁመት በትክክል ያህላል።

«ዋናው እሱ ነው እትዬ። በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይና በመክፈቻው የክብር እንግዳው ይገልጠዋል» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። አንድ ልጅ የሕክምና አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ራሱ በፋሻ ተጠምጥሟል። የግራ እጁን ጣቶች በቀኝ ደረቱ ኪስ ውስጥ ከትቷል። እኔ የሰው ፊት ቶሎ አላስታውስም፤ ጨርቅ ግን አልረሳም። ቢጫ፣ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት። ከሥሩ በትንሽ ወረቀት «ስሙ ያልታወቀ ሕፃን፤ ይህ ፎቶ በተነሣ በሦስተኛው ቀን አረፈ» የሚል ተጽፏል።

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ያሬድ ወንበር አቀበለኝ።

«ይሄን ልጅ ያነሳኸው አንተ ነህ?»

«እኔው ነኝ። ስሙን ብንጠይቀው አይናገርም ነበር። ብቻውን ነው ያገኙት፤ አብራው የነበረችው ሴት መንገድ ላይ ሞታለች አሉ።»

«እናቱ እኔ ሱቅ ናት» አልኩት። «ያን የወጠርከውን ጥቁር ጨርቅ የሰፋችው እሷ ናት።»

ያሬድ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ፎቶውን መልሶ በብርድ ልብሱ ይጠቀልለው ጀመር።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላወርደው ነዋ እትዬ! ይሄ እንዴት ይሰቀላል?»

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ፤ ማንም አላስገደደኝም። «ምኑን ታወርደዋለህ?» አልኩት። «እንግዳው ሊገልጥ የሚመጣው እሱን አይደል? መርዶ በጠራራ ፀሐይ ሱቅ ውስጥ አይነገርም። ወግ አለው። እሑድ ማለዳ የዕድር ሴቶች ይዤ፣ ቤቷ ሄጄ፣ በሥርዓቱ አረዳታለሁ። እስከዚያ እዚህ ድርሽ አትልም፤ እሱን ለእኔ ተወው።»

ወጉ እውነት ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን፣ የሚይዘው ሰው እንዲኖር፣ መርዶ በማለዳ በሰው መሀል ነው የሚነገር። እኔ ግን ያን ሰዓት ወጉን የጠራሁት ለብርቄ ብዬ አልነበረም። ባነሩ ታትሟል። ለመክፈቻው የምለብሰውን ቀሚስ አስተኩሻለሁ። ያሬድ ፊቴን አየና ብርድ ልብሱን ፈታው።

ሱቅ ተመልሼ ቆጡ ላይ ወጣሁ። ብርቄ የመጨረሻውን ሥራ፣ ያንኑ ፎቶ የሚሸፍነውን ነጭ ሳቲን ትዘመዝማለች። እርግጠኛ ልሁን ብዬ፣

«ብርቄ፣ ያ የልጅሽ ሸሚዝ ኪሱ በየትኛው በኩል ነበር ያልሽኝ?» አልኳት።

መኪናውን አቆመች። «በቀኝ። ምነው እትዬ? የሰሙት ነገር አለ?»

«ኧረ የለም። ለእህቴ ልጅ እንደዚያ ዓይነት ላሰፋለት ብዬ ነው።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ውሸቴን ማወቋ ገባኝ። ከዚያ ፈገግ አለች። ለምን ፈገግ እንዳለች ግን አልገባኝም፤ ሳቲኑን አነሳችና በክንዷ ለካችው።

«ይሄ ምን ሊሸፍን ነው? ቁመቱ የልጅ ቁመት ነው እኮ።»

«ነገ የሚገለጥ ነገር አለ። ዝም ብለሽ ስፊ!»

«እሺ እትዬ» አለች፤ ፈገግታዋ ግን አልጠፋም።

እኔ ክፉ ወሬ ስደብቅ፣ እሷ መልካም ወሬ የደበቅኩ መስሏት ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ለካ የምሥራችን የሚደብቅ ሰውና መርዶ የሚደብቅ ሰው ፊታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ያንሾካሹካሉ፤ ሁለቱም ባለጉዳዩ ሲመጣ ወሬ ይቀይራሉ። በቴሌቪዥንም የተጠፋፋ ቤተ ዘመድ ሲገናኝ ስንት ጊዜ አይታለች፤ ልጁን ከመጋረጃ ጀርባ ደብቀው እናቱን ድንገት ሲያስደነግጧት። እኔም አብሬያት እያየሁ አልቅሻለሁ።

ያን ዕለት ያደረግሁት ሁሉ ጥርጣሬዋን ያጠነከረ ነበር። ቅዳሜ የመርካቶ ዋና ቀን ነው፤ በሕይወቴ ለሠራተኛ ቅዳሜ ዕረፍት ሰጥቼ አላውቅም። ለእሷ ሰጠሁ። መሳለሚያ ላለችው አከራይዋ ደውዬ «እሑድ ማለዳ ሰው ይዤ እመጣለሁ፤ ብርቄ ከቤት እንዳትወጣ» አልኳት። አከራይዋም ሳትውል ሳታድር ነገረቻት።

ጎረቤቴ ጋሼ ሙዘይን ክርና ቁልፍ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ነገሩ ሲከብደኝ ለእሳቸው ተነፈስኩ። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱና፣

«ዛሬ ንገሪያት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኛ ወግ አለን። መርዶ በማለዳ ነው።»

«ነገም ማለዳ አለው። ለምን እሑድ ሆነ?»

ሜትሬን አንስቼ መጠቅለል ጀመርኩ።

«ወጉ ለሐዘንተኛዋ ነው ወይስ ለነገው እንግዳ?»

«እርስዎ አይገባዎትም ጋሼ» አልኳቸው በቁጣ።

«ልጅ ቀብሬያለሁ ንግሥት። ይገባኛል» አሉና ወደ ሱቃቸው ገቡ። ያን ቀን ድጋሚ አላነጋገሩኝም። የቅዳሜዋን ማለዳ ተኝቼ አሳለፍኳት።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ግድግዳው በብርቄ ጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ፎቶዎቹ በላዩ ላይ ቁልቁል ያዩናል። እግር የሌላት ልጅ፣ በፈረሰ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ወረፋ የቆመች ልጅ። እኔ የቆምኩት ፊት ለፊት፣ ካሜራው አጠገብ ነበር። የስፖንሰሮች ስም ሲነበብ ሰው አጨበጨበልኝ፤ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ተቀበልኩ።

ቀና ስል ብርቄን በሩ ጋ አየኋት።

ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ውሰት እንደሆነ ትከሻው ላይ መጥበቡ ያስታውቃል። ሹሩባ ተሠርታለች። ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ፀጉሯን ስትሠራ አይቻት አላውቅም። እጇ ላይ ፌስታል አለ። ሰው እየገፋሁ ደረስኩባት።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ? ዕረፊ አላልኩሽም?»

«አይቆጡኝ እትዬ። አውቄያለሁ።»

«ምኑን አወቅሽ?»

«እሑድ ቤቴ ሊያመጡልኝ እንደሆነ። መጠበቅ አቃተኝ፤ ትናንት ያንን ሳቲን ስሰፋ ልቤ ነገረኝ።» ፌስታሉን ከፈት አድርጋ አሳየችኝ። ቢጫ የልጅ ሸሚዝ ነው፤ ከእኔው ሱቅ ቁራጭ። «በእጄ ሰፋሁት። ሁለት ዓመት አድጓል ብዬ እጅጌውን ረዘም አደረግኩ። ያጥረው ይሆን?»

ከዚያ በአገጯ ወደ ተሸፈነው ፎቶ ጠቆመችኝ። «ሲያዩት ግን አላደገም። ያው ቁመቱ ነው» አለች፤ ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ይስቃሉ።

በዚያች ቅጽበት ክንዷን ይዤ ማውጣት እችል ነበር። ውጭ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ እዚያ አስቀምጬ፣ ያለ ወግ፣ ያለ ሰው፣ በገዛ አፌ መንገር እችል ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። የመድረክ መሪው በድምፅ ማጉያው «ከክብር እንግዳችን ጋር ሆነው እንዲገልጡልን እትዬ ንግሥትን እንጋብዛለን» አለ።

ካሜራው ወደ እኔ ዞረ። ሰው መንገድ ከፈተልኝ። ሄድኩ።

ጫፉን ያዝኩ። ያሬድ ከጎን ሆኖ ብርቄን አያት፤ ማን እንደሆነች ሳልነግረው ገባው መሰለኝ፣ «እትዬ፣ አይሆንም» ብሎ አንሾካሾከ። የክብር እንግዳው ግን ስቦ ነበር። እኔም ሳብኩ።

እልልታው ከኋላ መጣ። ጨርቁ ገና መሬት ሳይነካ ብርቄ እልል አለች፤ በአንድ ትንፋሽ፣ ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ የሠርግ ቤት እልልታ። አጠገቧ የነበሩ ሴቶችም የፕሮግራሙ ነው ብለው ተቀበሏት። አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበ። በዚያ እልልታ መሀል ከጨርቁ ሥር የወጣው ራሱ በፋሻ የታሰረ ልጅ ነው።

እልልታዋ መሀል ላይ ተቋረጠ። የሌሎቹ ትንሽ ቆይቶ ቆመ።

ብርቄ ፎቶውን እያየች ቀስ ብላ መጣች። ሰው አሁንም መንገድ ይከፍታል፤ ካሜራው ይከተላታል። የፎቶውን ጀርባ ዘንበል ብላ አየች። እውነት ነው የምላችሁ፣ ከኋላ ልጁ ይኖር እንደሆነ ተመለከተች። ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነው። ተመልሳ መዳፏን ኪሱ ላይ አደረገችና ያሬድን ጠየቀችው።

«ኪሱ ውስጥ ምን ይዞ ነበር?»

«አላየሁም» አለ ያሬድ፤ ያለቅሳል።

ከሥሩ ያለውን ወረቀት በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሁለት ጊዜ አነበበች። «ስሙማ ይታወቃል» አለች። «ሲሳይ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ያ ነጭ ሳቲን ገና በእጄ ነበር።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ትናንት ጠዋት።»

«ስለ ኪሱ ሲጠይቁኝ?»

«አዎ።»

አልጮኸችም። ደረቷን አልመታችም። «በልጄ ሞት እልል አስባሉኝ» ብላ ብቻ እዚያው ፎቶው ሥር ተቀመጠች። ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አልነበረም፤ ለወጉ ሰው የሰበሰብኩት ለእሑድ ነበርና።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሙ። ምሽቱን የብርቄ እልልታ በየሰው ስልክ ላይ ነበር። እሑድ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወረፋው መንገድ ዘጋ። ሰኞ ሱቄ የመጡ ነጋዴዎች «እትዬ ንግሥት፣ ያቺን ሴት ከየት አመጣሻት? አገር አስለቀሰች እኮ!» እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። ሆን ብዬ ያዘጋጀሁት መስሏቸው ነበር። እንደዚያ ሳምንት ሸጬ አላውቅም፤ ገዢው ሊያየኝ ይመጣል፣ መጥቶ ደግሞ ባዶ እጁን አይወጣም።

እሑድ ማለዳ እንዳልኩት የዕድር ሴቶች ይዤ መሳለሚያ ሄጄ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ቤቱ በለቅሶ ሞልቷል። የምናረዳው ነገር አልነበረም። አብረውኝ የመጡት ሴቶች ገብተው ተቀመጡ። ለእኔ ጠጋ ያለልኝ ሰው አልነበረም፤ ቆሜ ቆይቼ ወጣሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ወግ አይጠቅምም ብዬ እንዳይመስላችሁ። ወግ ጥሩ ነው፤ እንደ እኔ ዓይነት ሰው መደበቂያ ሲያደርገው ነው የሚከፋው። ከዚያ በኋላ ለያሬድ ጨርቅ እሰጣለሁ፤ ስሜን ግን ከባነሩ አስወጥቻለሁ። ያሬድም አሁን ከተማ በቀየረ ቁጥር ከመከፈቱ አንድ ቀን በፊት ካሜራ ሳይኖር፣ ልጅ የጠፋባቸውን ሰዎች ከሽማግሌ ጋር ለብቻቸው ያስገባል። ከሲሳይ ፎቶ ሥር ያለው ወረቀትም ተቀይሯል፤ ስሙ ተጽፏል። እነዚህን ስቆጥርላችሁ ሂሳቡን ያወራረድኩ እንዳይመስላችሁ፤ አላወራረድኩም። የማውቀውን የሰው ሐዘን ለራሴ በሚመቸኝ ሰዓት ለመንገር አንድ ቀን ሙሉ ይዤ አቆይቻለሁ። እናንተም ምናልባት እንዲህ ያለ መርዶ ይዛችሁ ይሆናል። ዛሬ ሂዱና ንገሩ።

ከአርባው በኋላ ጋሼ ሙዘይንን ለምኜ ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ብርቄ ሄድን። እኔ ዘንድ መሥራት አቁማለች፤ ሌላ ቦታ የትምህርት ቤት ልብስ ትሰፋለች። ወንበር ሰጠችን፤ ሻይ አቀረበችልን። ጋሼ ሙዘይን እንደ ሽማግሌ ወጉ ተነሥተው «ልጄ፣ አጥፍታለች፤ ማሪያት» አሉ። እኔ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ መለሰችኝ።

«ይቀመጡ እትዬ» አለች። «አልረገምኩዎትም። ያን ዓርብ ቀን አስበዋለሁ፤ ሸሚዙን ይዤ ሳመሽ፣ ሹሩባ ስሠራ፣ እየዘፈንኩ ነበር። ሲሳይ ከጠፋብኝ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልጄ አንድ ቀን ተጨማሪ ኖረልኝ።»

ሻይዋን አነሳች፤ ሳትጠጣ መልሳ አስቀመጠችው።

«አመሰግንዎት ነበር» አለች፤ «ያን ቀን የሰጡኝ ለእኔ ብለው ቢሆን።»

ጋሼ ሙዘይን ተቀመጡ።